የሻምበሉ ሜዳሊያ ጀርባ

እናቴ ይህን ታሪክ እንድጽፍ የፈቀደችው «እኔን አሳዛኝ ሴትዮ እንዳታደርጊኝ» ብላ አስጠንቅቃ ነው። ቃል ገብቼላታለሁ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰብለ እባላለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ጀምሮ ስትሪፕ የሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ ካርድ አድላለሁ፤ ዲለር ነኝ። ሰው ዲለርነት የእጅ ቅልጥፍና ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ግን ፊት ነው። ፊት ለፊትሽ የተቀመጠው ሰው በአንዲት ካርድ ምክንያት ሲፈነድቅም ሆነ ሲያለቅስ፣ አንቺ ፊት ላይ ምንም መታየት የለበትም። አለቃዬ አዲስ ዲለሮችን ሲያሠለጥን «የሰብለን ፊት እዩ» ይላቸው ነበር። እኔ ግን ያንን ፊት ካዚኖ ውስጥ አልተማርኩትም፤ ከእናቴ ነው የወረስኩት።

እናቴ ወይዘሮ ትርንጎ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። ቀይ ናት ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ነጣ ያለች ናት። ዓይኗ ደግሞ የማር መልክ አለው። አባቷ ጣሊያን እንደነበረ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያነሳውም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሜ፣ «እማዬ፣ የአንቺ አባት ማን ነው?» አልኳት። ቢላዋውን እንኳ አላቆመችም። «አባት የለኝም» አለች፤ በዚያው አለቀ። በልጅነቷ «የጣሊያን ዲቃላ» እየተባለች፣ ውኃ ወርዳ በድንጋይ እየተባረረች እንዳደገች የሰማሁት ከዘመድ ነው። ከራሷ አፍ አንድም ቀን አልሰማሁም።

በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ስትሪፑ ሲዘጋ ሦስታችን ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ተከተትን፤ እናቴ፣ እኔና ልጄ ሐና። ሐና እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ትምህርቷን ከመኝታ ቤቷ በኮምፒውተር ትከታተላለች፤ እኔ ሥራ ፈትቼ ቁም ሣጥን እደረድራለሁ፤ እናቴ ትጸልያለች። በዚያ መሰልቸት መሐል ሐና ምራቅ ተልኮ የዘር ሐረግ የሚነግረውን ነገር በፖስታ አዘዘች።

«ምን ይጠቅምሻል?» አልኳት።

«ጀስት ፎር ፈን ነው፣ እማዬ። ሁሉም ፍሬንዶቼ አድርገዋል።»

ውጤቱ ሲመጣ ከፊሉ ጣሊያን እንደሆነ አየች። እሷ ተገረመች፣ እኔ ሌላ ወሬ አነሣሁ። ለእናቴ አልነገርናትም። ከዚያም ነገሩ ተረሳ።

በ2021 መጀመሪያ ላይ ሐና ስልኳን ይዛ ወደ ኩሽና መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል። «እማዬ፣ አንድ ሴትዮ በዚያ በምራቁ ዌብሳይት ቴክስት አደረገችልኝ። ዘመዴ ነኝ ትላለች። የቅርብ ዘመድ።»

ሴትዮዋ ክላውድያ ትባላለች። ካሊፎርኒያ የምትኖር አስተማሪ ናት። ደወልንላት። ድምጿ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። አያቷ ሬናቶ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሻምበል ሆኖ እንዳገለገለ፣ ኋላ ጣሊያን ተመልሶ አግብቶ እንደወለደ፣ ልጁ ማለትም የእሷ አባት ወደ አሜሪካ እንደመጣ ነገረችን። ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ እንደነበረው ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። የሐናን ስምና የእኛን አገር አንድ ላይ ስታይ ነው የገባት። «ያ ልጅ በሕይወት ይኖር ይሆን?» ስትለኝ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ዳዊቷን ታነብ ነበር። ቀና ብዬ አየኋትና፣ «አለች» አልኩ።

ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ቀናት ሙሉ ሳሰላስል ከረምኩ። በመጨረሻ ምንም መንገድ ስላጣሁለት አጠገቧ ቁጭ ብዬ በቀጥታ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች።

«ልታይሽ።»

«ምኔን?»

ዳዊቷን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ቀናት አለፉ። እኔም ጉዳዩ እንደ ድሮው፣ እንደ ሽንኩርቱ ቀን፣ ተዘጋ ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት የታጠበ ልብስ አብረን ስናጥፍ፣ አንሶላውን በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው እሷ እንደያዝነው፣ «ትምጣ» አለች። «ፊቷን ልየው።»

ክላውድያ የመጣችው ፀደይ ላይ፣ ሁላችንም ክትባት ከወሰድን በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። መኪናዋን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጋ ወረደች። እኔ በሩን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ማስክ አድርጋ ስለነበር የሚታየኝ ዓይኗ ብቻ ነው። የማር መልክ ያለው ዓይን፤ በሕይወቴ ሙሉ ያየሁት ዓይን። በረንዳው ላይ ስትደርስ ማስኳን አወረደችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከንፈሯ በአንድ በኩል ብቻ ከፍ አለ። እናቴም ፈገግ የምትለው እንዲሁ ነው። በአገሬ ቋንቋ አንድም ቃል የማታውቅ የማላውቃት ሴት፣ የእናቴን ፈገግታ ለብሳ ደጃፌ ላይ ቆማለች።

«ይቅርታ» አለች በእንግሊዝኛ። «መምጣት አልነበረብኝ ይሆናል።»

«ግቢ» አልኳት።

እናቴ መኝታ ቤቷ ነበረች። ሐና ልትጠራት ገባችና ብቻዋን ተመለሰች። «እየመጣሁ ነው በሏት አለች።» ጠበቅን። ክላውድያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች። መጠበቁ ረዘመ። አትወጣም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል በሩ ተከፈተ።

እናቴ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ክላውድያ ብድግ አለች። እናቴ ሰላም አላለቻትም። ቀርባ ፊቷን አየችው፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን፤ እቃ እንደሚገዛ ሰው ሳትቸኩል። ከዚያ እጇን ሰዳ የክላውድያን ፀጉር ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገችው። የጆሮዋ ጫፍ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ሾል ያለ ነው። እናቴ የራሷን ጆሮ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይህን ጆሮ ከማን እንዳመጣሁት ሳላውቅ አረጀሁ» አለች። «ልጆች ‘የሌሊት ወፍ’ ይሉኝ ነበር።»

ተረጎምኩላት። ክላውድያ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። «እኔንም ትምህርት ቤት እንደዚያው ይሉኝ ነበር» አለች። «አባቴንም።»

«አባቷ አለ?» አለችኝ እናቴ ወደ እኔ ዞራ።

ክላውድያ ጥያቄውን ከፊቷ አንብባው ኖሮ እኔ ሳልተረጉም ራሷን ነቀነቀች። ባለፈው ክረምት በወረርሽኙ እንደሞተ፣ ሆስፒታል ብቻውን እንደነበረ፣ ስትቀብረውም ከባለቤቷና ከልጆቿ በቀር ማንም እንዲገኝ እንዳልተፈቀደ ነገረችኝ። እኔም ለእናቴ ነገርኳት።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ፓውሎ።»

«ፓውሎ» ብላ ደገመችው። «እንግዲህ የእኔ ወንድም ነዋ።»

ይህ ነገር ለእኔ እንኳ እንደዚያ ሆኖ አልተገለጸልኝም ነበር። እንግዳ ነው ብዬ የተቀበልኩት መርዶ ነጋሪ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ «ወንድሜ!» ብላ አለቀሰች። «ሳላይህ! ወንድሜ፣ ሳላውቅህ! ማን አለቀሰልህ?» እያለች ደረቷን ትመታለች። የቀበሌ እድር የተሰበሰበ ይመስል ሙሾ አወረደች። ሐና ደንግጣ «ኢዝ ሺ ኦኬ?» ትለኛለች። ክላውድያ ደግሞ ቃሉ ሳይገባት ነገሩ ገባት። ያን ክረምት ሙሉ ያላለቀሰችው ሁሉ ወጣ። ምንጣፉ ላይ እናቴ አጠገብ ወደቀች። እናቴም አንገቷን አቅፋ ያዘቻት። ሁለቱ ሴቶች ለአንድ ሰው፣ አንዷ ለምታውቀው ሌላዋ ለማታውቀው፣ ጎን ለጎን ሆነው አለቀሱ። ሐናና እኔ ቆመን ማየት ብቻ ነበር የቀረልን።

ካበቃ በኋላ እናቴ ፊቷን ጠርጋ፣ «ምግብ አቅርቡ፣ ልጅቷ ከመንገድ ነው የመጣችው» አለች።

ምሳ በላን። ሻይ ጠጣን። ሁላችንም ቀለል አለን። ያን ጊዜ ነው ክላውድያ ከቦርሳዋ ትንሽ ሰማያዊ ሣጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያደረገችው።

«አያቴ የተወው ነገር ነው» አለች። «ከአባቴ ዕቃ መሐል አገኘሁት። እርስዎ የመጀመሪያ ልጁ ነዎት። የሚገባው ለእርስዎ ነው ብዬ አሰብኩ።»

ሣጥኑን ከፈተችው። ሜዳሊያ ነው። የነሐስ፣ ክብ፣ ሪባኑ የደበዘዘ። ከፊቱ ላይ የንጉሥ ራስ አለ።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ሜዳሊያ ነው፣ እማዬ።»

«ለምን የተሰጠ ነው በያት።»

ክላውድያ መልሱን ከመናገሯ በፊት ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረች። «ለኢትዮጵያው ጦርነት። እዚያ ለዘመቱት የሰጡት።»

ተረጎምኩ። የእናቴ ፊት ጭር አለ። ያ የማውቀው ፊት ተመለሰ።

«እናቴ ወንድም ነበራት» አለች ቀስ ብላ። «ታላቅ ወንድም። በመጡበት ዓመት ገደሉት። ሬሳውን እንኳ አላነሱትም። የተሸለሙት ለሱ ነው በያት።»

እንዲህ ያለ ነገር መተርጎም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። ግን አንዲትም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩላት። ክላውድያ አልተከላከለችም። «አውቃለሁ» አለች። «መንገድ ላይ፣ በረሃው መሐል፣ መኪናዬን አቁሜ ወርጄ ነበር። ልወረውረው። እጄን ካነሳሁ በኋላ፣ ይህን የመወሰን መብቱ የእኔ አይደለም ብዬ መለስኩት።»

እናቴ ሣጥኑን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ክላውድያም ነገሩን ልታቀል ፈልጋ፣ ስለ አያቷ አንድ ነገር ጨመረች። የድሮ ወታደሮች በዓል ሲሆን ሜዳሊያዎቹን ደረቱ ላይ ይደረድር እንደነበረ፣ ይችኛዋን ግን ሁልጊዜ ገልብጦ፣ ጀርባዋን ወደ ውጭ አድርጎ እንደሚሰካት ነገረችን። ቤተሰቡ ይስቅበት ነበር። ንጉሡን ስለሚጠላ ነው ይሉ ነበር። ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችን። ሽማግሌ ሰው፣ ሾል ያለ ጆሮ፣ ደረቱ ላይ ሜዳሊያዎች። ሁሉም የንጉሥ ፊት ወይም መስቀል ያሳያሉ። አንዷ ግን ተገልብጣለች።

«ጀርባው ደግሞ ተጭሯል» አለች። «አባቴ በጥይት ፍንጣሪ የተጫረ ይመስለው ነበር። አንድ ጊዜ ልጅ ሆኖ ሲጠይቀው አያቴ ሜዳሊያውን ተቀብሎት፣ ምንም ሳይመልስለት ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ አሉ።»

ሜዳሊያውን ገልብጣ ሰጠችኝ።

በመጀመሪያ ያየሁት በፋብሪካ የታተመውን ጽሑፍና ጌጥ ነው። ከሱ በላይ ጭረቶች አሉ። በመርፌ ወይም በቢላዋ ጫፍ፣ ቀስ ተብሎ፣ እየተደጋገመ የተጫረ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ጭረቶቹ ፊደል ሆኑ።

ት። ር። ን። ጎ።

ስንት ዓመት ሙሉ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ያልተለወጠው ፊቴ፣ ያን ቀን በገዛ ቤቴ ከዳኝ። ሐና «እማዬ፣ ምንድን ነው? ምን ሆንሽ?» ትለኛለች፤ እኔ መናገር አልቻልኩም። ምክንያቱም የእናቴ ስም ብቻ አይደለም። ‘ን’ዋ ፊቷን አዙራለች። ወደ ግራ ማየት ሲገባት ወደ ቀኝ፣ በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ፊደል። እናቴ እስካሁን ድረስ ስሟን ስትጽፍ ‘ን’ን አዙራ ነው የምትጽፋት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ላርማት ሞክሬ፣ «የእኔ እንዲህ ናት» ብላ እንቢ ብላኝ ነበር። ከእሷ በቀር እንደዚያ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አምጪው» አለች እናቴ።

ሰጠኋት። መነጽሯን አላደረገችም። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷ ‘ን’ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰና እንደገና ዳሰሳት። ሐና ሮጣ መነጽር አመጣችላት። አደረገችው፤ አየች።

«እናቴ» አለች። «የእናቴ እጅ ነው።»

ከዚያም እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አወጣችው። እናቷ ሙሉነሽ የቄስ ልጅ ነበረች። አባቷ ለወንዶቹ ልጆች ፊደል ሲያስቆጥር እሷ ከጓዳ ሆና እየሰማች፣ ማታ ማታ በከሰል ግድግዳ ላይ እየሞከረች፣ ለብቻዋ ተማረች። ሴት ልጅ መጻፏን ማንም ስላላወቀ የሚያርማት አልነበረም፤ ‘ን’ም እንደተዞረች ቀረች። ወንድሟ ከሞተና ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሻምበሉ ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ገባች። «ወዳ ይሁን ተገዳ እኔ አላውቅም፤ አልነገረችኝም» አለች እናቴ። ጣሊያን ሊወጣ ሲል ሰውየው ሄደ። ትርንጎ ገና እየተንገዳገደች የምትራመድ ሕፃን ነበረች። ሙሉነሽም ብዙ አልቆየችም፤ ልጇን ፊደል አስተምራ ሳትጨርስ ታመመች።

«በትኩሳት ነው የሞተችው» አለች እናቴ። «ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ ‘አይዞሽ ትርንጎዬ፣ ስምሽን ደረቱ ላይ ጽፌዋለሁ’ አለችኝ። ‘የማን ደረት ላይ?’ አልኳት። አልመለሰችልኝም። ትኩሳቱ ነው፣ ትቃዣለች አሉ። እኔም ቅዠት ነው ብዬ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።»

ተረጎምኩ። እንዴት እንደተረጎምኩት አላስታውስም። ክላውድያ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቀረች። ያ ሰው በየበዓሉ፣ በባንድ ሙዚቃ መሐል፣ ደረቱ ላይ ገልብጦ የሚሰካው የእናቴን ስም ነበር። ማንበብ ይችል ነበር ወይ? ሙሉነሽ ነግራዋለች ወይስ ራሱ ጠርጥሮ? ይህን ማንም አያውቅም፤ ልናውቅም አንችልም። የምናውቀው ገልብጦ ማድረጉን ነው።

እኔ እናቴ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሜዳሊያውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ስትናገር ድምጿ ደርቋል።

«አላወቀኝም ብዬ ነበር የማርኩት» አለች። «የእሱ ልጅ መሆኔን አልጠረጠረም፣ ቢያውቅ ኖሮ እያልኩ። ለካ ያውቃል። ስሜን ይዞ ነው የሄደው።»

ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው። ክላውድያ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ትታ ስትሪፕ ላይ ወደያዘችው ሆቴል ሄደች። ስሸኛት፣ «ጎዳኋት» አለችኝ። «እኔም አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

በማግስቱ እሑድ ስነሣ እናቴ ሳሎን ተቀምጣለች። ሜዳሊያው ከሣጥኑ ወጥቶ ጭኗ ላይ ነው።

«ያቺን ልጅ ጥሪልኝ» አለች።

ክላውድያ የመጣችው ወዲያው ነው። ዓይኗ አብጧል። እናቴ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ሰብለ፣ የምለውን ሳትቀንሺ ንገሪያት» አለችኝ። «የእናቴ ፎቶ የለኝም። ልብሷ የለኝም። መቃብሯ ላይ የነበረው ድንጋይ እንኳ ተነሥቷል። በእጇ ከሠራችው በዚህ ምድር ላይ የቀረው ይህ ብቻ ነው። የተጻፈው ደግሞ ወንድሟን በገደሉበት ሽልማት ላይ ነው። ስቀበለው ያቃጥለኛል፣ ስተወው ያቃጥለኛል።»

ተረጎምኩ። ክላውድያ፣ «እርስዎ የፈለጉትን ያድርጉት» አለች። «ይቅለጥ ካሉም ይቅለጥ።»

«አይቀልጥም» አለች እናቴ። «እናቴ ይህን የጻፈችው ለእኔ እንዲመጣ አይደለም። እኔማ ስሜን አውቀዋለሁ። ሄዶ ሌላ ሲያገባ፣ ሌላ ሲወልድ፣ ስሜ እዚያ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ብላ ነው። ወንድሜ በእጁ ነክቶታል። አንቺም ነክተሽዋል። እኔ አሁን ተቀብዬ ሣጥን ውስጥ ብቆልፈው የእናቴን ሥራ አፈረስኩት። ይዘሽው ትሄጃለሽ። ለልጆችሽም ታሳያለሽ። ምን እንደተደረገ፣ ማን እንደጻፈው ትነግሪያለሽ። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን።»

ክላውድያ «እሺ» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ ከትናንት ጀምሮ ስንለው ስትሰማ ውላ።

እናቴ ግን ሜዳሊያውን አልለቀቀችውም። አውራ ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ይመላለሳል። ማድረግ የፈለገችውን ወስናለች፤ እጇ ግን እንቢ ብሏል። ያኔ ዳር ቆማ ስታይ የነበረችው ሐና፣ «ዌይት፣ እማማ። አንዴ ስጪኝ፣ እመልሳለሁ። ፕሮሚስ» ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች። ስስ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ተመለሰች። ሜዳሊያውን ጠረጴዛው ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ከላይ ዘረጋችና እርሳሱን አጋድማ ቀስ እያለች ማሸት ጀመረች። ወረቀቱ ጠቆረ። በጥቁሩ መሐል ነጫጭ መስመሮች ብቅ አሉ። ት። ር። የተዞረችው ን። ጎ። ልክ ሙሉነሽ አሁን ከዚያ ጓዳ ወጥታ የጻፈችው ይመስላል።

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ከንፈሯ ላይ አስጠጋችው። ሜዳሊያውን ክላውድያ መዳፍ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችላት።

ክላውድያ ከመሄዷ በፊት ፊደሎቹን አስተምሩኝ አለች። እናቴ እጇን ይዛ አጻፈቻት። ሐና እየሳቀች፣ «ግን እማማ፣ ‘ን’ ልክ አይደለም። ራይት አድርገሽ አሳያት እንጂ» አለች።

«እንዲህ ናት» አለች እናቴ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ አማርኛ የማታውቅ አንዲት አስተማሪ አለች። ከፊደላችን አራቱን ብቻ ትጽፋለች፤ አንዷን አዙራ።

ይህን የምታነቡ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ካዚኖው ተከፍቶ ወደ ሥራዬ ስመለስ ፊቴ እንደ ድሮው አልሆንልኝ አለ። ሰው ሲከፋው አብሬ ይከፋኛል። አለቃዬም የእኔን ፊት ምሳሌ ማድረጉን ትቷል። እናቴም ዝምታዋ ላልቷል፤ ሳልጠይቃት ስለ ሙሉነሽ ታወራኛለች። እኔ ደግሞ በቤታችን ውስጥ ‘የለም’ ተብሎ የተዘጋውን ነገር ሁሉ ባዶ ነው ብዬ ማመን ትቻለሁ። አንዲት ምግብ አብሳይ፣ አገሯን ለያዘ ሰው እያበሰለች፣ ሽልማቱ ላይ የልጇን ስም ስትጭር ይታየኛል። መርፌ ይሁን ቢላዋ አላውቅም። ምን ያህል ጊዜ ፈጀባት፣ ቢይዛት ምን ያደርጋት ነበር፣ አላውቅም። ያ ጭረት ባሕር ተሻግሮ ከሦስት ትውልድ በኋላ እዚህ በረሃ ውስጥ እናቴ ጭን ላይ እንዴት እንዳረፈ ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል።

ባለፈው የወንድሟን ተዝካር ለማውጣት እናቴን ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ካህኑ የሟቹን ስም ጠየቋት። «ጳውሎስ» አለች፤ ፓውሎን ወደ እኛ መልሳ። ከዚያ «ሙሉነሽ» አለች። ካህኑ ጠበቁ።

«ሌላስ? የአባትዎ ስምስ?» አሏት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሱን ገና እያሰብኩበት ነው፣ አባ» አለች።